ስድስት የባትሪ ድንጋይ

ሸዋንግዛው ስድስተኛውን የባትሪ ድንጋይ ድምፅ ማጉያው ውስጥ ከትቶ ክዳኑን ጠረቀመና፣ ለአምሳሉ ከማቀበሉ በፊት በጣቱ መታ መታ አድርጎ ሞከረው።

"ዛሬ ከጨርቁ ጀምር" አለው። "አዲስ አቡጀዲ ገብቷል። ሟቿን ከዚያ ትጠራለህ።"

"ጨርቁን ከሟቿ አስቀድሜ?"

"ሰው መጀመሪያ የሰማውን ነው የሚይዘው።"

አምሳሉ ማጉያውን ተቀበለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአዋሳ፣ የአዲስ ከተማ ሰፈርን እድር ሞት የለፈፈው በቆርቆሮ ጥሩምባና በራሱ ጉሮሮ ነበር። ሰዓት እላፊው ሲያበቃ ተነስቶ በየማዕዘኑ አንዴ ይነፋና ስም ይጠራል። አምና ግን ጉሮሮው ከዳው። ሐኪሙም "ከእንግዲህ ከጮህክ ድምፅህ ጨርሶ ይጠፋል" ብሎ አስጠነቀቀው። እድሩ ሌላ ለፋፊ ሊፈልግ ሲል ነው፣ መሃል ከተማ ጨርቅ የሚነግደው ሸዋንግዛው ማጉያውን ይዞ ብቅ ያለው። ያን ጊዜ በአዋሳ የባትሪ ድንጋይ ብርቅ ነበር፤ ሰው ያለቀበትን የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሰጣ ነበር የሚሰነብተው። ሸዋንግዛው ግን ከየትም ብሎ ያመጣል። በለቅሶ ጠዋት ይሰጣል፣ ሲያበቃ መልሶ ይቀበላል። የጠየቀው፣ ከሟቹ ስም በኋላ የሱቁ ስም እንዲነሳለት ብቻ ነበር።

"ብቻ" የምትለው ቃል ብዙ አልቆየችም። ሰውዬው በገበያ ቀን፣ ማንም ሳይሞት፣ አምሳሉን ጨርቅ ያስለፍፈው ጀመር። ልጆች ለቅሶ ለቅሶ ሲጫወቱ እንኳ አሻንጉሊታቸውን ቀብረው "አቡጀዲ ከሸዋንግዛው ሱቅ" ብለው ነው የሚበተኑት። አዋቂው ግን ሰለቸው። ማጉያው ማጉረምረም ሲጀምር ብርድ ልብሱን ወደ ጆሮው ይስባል። ባለፈው ወር ጋሪ ነጂው ወልደጻድቅ ሲቀበር የወጣው ሰው አሥራ አንድ ነበር። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ሽበሺ የቀሩትን ቢጠይቃቸው የሁሉም መልስ አንድ ሆነ፤ "የጨርቅ ማስታወቂያ መስሎን ነው።" አምሳሉ ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

ከአሥራ አንዱ አንዷ እማማ ጸሐይወርቅ ነበሩ። ከቀብር ሲመለሱ ክንዱን ያዝ አድርገው፣ "ልጄ፣ እንደምታውቀው ዘመድ የለኝም። እኔ ስሞት ሰው ጥራልኝ" አሉት። በአዲስ ከተማ እሳቸው ያልደረሱበት ለቅሶ የለም። ትናንት እሳቸውም አረፉ። ዘመድ የሌለው ሰው ዘመዱ እድሩ ነው፤ እድሩ ካልሰማ የእማማ ሬሳ በአራት ሰው ሸክም ሊወጣ ነው።

"አቶ ሸዋንግዛው" አለ አምሳሉ በሻከረ ድምፁ፣ "ለዛሬ ስማቸውን ብቻ ልጥራ። ጨርቁን ነገ እለፍፍልዎታለሁ።"

"ነገማ ለጨርቁ ምን ይፈይድለታል? ለቅሶው ዛሬ ነው።" ሸዋንግዛው አልተቆጣም። "ደግሞ ያለ እኔ ድምፅ ነበረህ እንዴ? ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል።"

ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቅ የነበረው ሽበሺ መሬት መሬት አየ። "አምሳሉ፣ እባክህ ሁለቱንም በልና እንሂድ። ያለ ማጉያ እስከ ታቦር ተራራ ሥር ማን ይሰማሃል?"

"በማጉያውስ ማን ሰማኝ? ወልደጻድቅን ማን ሰማው?"

አምሳሉ አፈረ፤ ያፈረው በሸዋንግዛው ሳይሆን በራሱ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ የሙታንን ስም የጨርቅ ማሻሻጫ ሲያደርግ የከረመው የገዛ አፉ ነው። የማጉያውን ክዳን ከፈተና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያወጣ ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው።

"ሐኪሙ ያለህን ረሳኸው?" አለ ሽበሺ።

"አልረሳሁም።"

"ኋላ ድንጋይ ብለህ እንዳትመጣ" አለ ሸዋንግዛው።

"አልመጣም።"

ቤቱ ሄዶ ጥሩምባውን ከምስማሩ አወረደና አቧራውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ከዚያ የመንደሩ ማዕዘን ላይ ቆሞ ነፋ። ትንፋሹ አልከዳውም። ስም ለመጥራት አፉን ሲከፍት ግን የወጣው ድምፅ ከአጠገቡ ካለው አጥር የሚያልፍ አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያውን በር አንኳኳ።

የከፈተችው ጽጌሬዳ ናት፤ ከወልደጻድቅ ቀብር ከቀሩት አንዷ። ጥሩምባውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

"ጋሼ አምሳሉ፣ ማን ሞተ?"

ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እንባው መጣበት።

"እማማ ጸሐይወርቅ" አለ። "ዛሬ፣ ስምንት ሰዓት።"

ጽጌሬዳ "እኔን!" ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። "እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለውን ሰው እኔ እነግራለሁ። እርስዎ ድምፅዎን ያሳርፉ።"

"ወፍጮ ቤት ድረስ አንቺ ንገሪልኝ" አለ አምሳሉ። "ከዚያ ወዲያ እስከ ታቦር ሥር የእኔ ነው።"

ጉሮሮው ደም ደም ይለዋል። የቀረችው ድምፅ ለምን ያህል በር እንደምትበቃ አያውቅም። ለአንድ ስም ብቻ ሊያውላት ወስኖ፣ ጥሩምባውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ታቦር መንገድ ወጣ።