ቀስ እንዲል የተጠቀለለ ሞተር

ዕዝራ ሰበታ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ጥገና ክፍል ይሠራል። ከሆሳዕና አብረውት የመጡ የአገሩ ልጆች ነበሩ። አንዱ አግብቶ ሐዋሳ ገባ፤ ሌሎቹ ደቡብ አፍሪካ ተሻገሩ፤ ታናሽ ወንድሙም እነሱን ተከትሎ ሄደ። እሱ ብቻ ወደ ዓለም ገና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሰፊ ግቢ ውስጥ በተከራያት ክፍል ቀረ።

ፋብሪካው ውስጥ ሞተር ሲቃጠል የመዳብ ሽቦውን አውጥቶ በአዲስ የሚጠቀልለው እሱ ነው። ማሽኖቹ ሲጮኹ ስለሚውሉ ሠራተኛው የሚግባባው በእጅ ምልክት ነው። ዕዝራ እንዲህ ውሎ ቤቱ ሲገባ ደግሞ የሚያናግረው ሰው የለም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። አምልኮው ሲያበቃ ሰዉ በየቤተሰቡ እየተሰባሰበ ይበተናል፤ እሱም በር ላይ ቆሞ የሚጨብጠውን ሁሉ ጨብጦ ሲያበቃ ብቻውን ይመለሳል። አንዳንድ እሑድ ከ«ጌታ ይባርክህ» ሌላ ከአፉ ቃል ሳይወጣ ይመሽ ነበር።

አንድ ቀን ቡራዩ ለጉዳይ ሄዶ፣ ያላለቀ ሕንፃ ሥር ጎረምሶች ተሰብስበው ሲጮኹ ሰማና ጠጋ አለ። መዳፍ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ መኪኖችን በሪሞት እየነዱ ይወዳደራሉ። የአንዱ መኪና ድንገት ቆመችና ከሆዷ ጭስ ወጣ። ባለቤቱ ወንዲ ይባላል፤ እዚያው ቡራዩ የስልክ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አለው።

«በቃ፣ ሞተሩ ሄዷል» አለ ወንዲ እያሸተተው።

«ስጠኝ እስቲ» አለው ዕዝራ።

«ይሄ እኮ የሚጠገን ነገር አይደለም፤ አሻንጉሊት ነው።»

«ቢሆንም ስጠኝ።»

ቤቱ ወስዶ ከፈተው። ከአውራ ጣት ጫፍ የማይበልጥ ሞተር ነው። ነገር ግን በውስጡ ያለው ነገር ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈታ የኖረው ነው፤ ማግኔት፣ ካርቦን፣ ሽቦ የተጠመጠመበት ሮተር። ዕዝራ የጠቆረውን ሽቦ በወረንጦ አወጣው። ከአሮጌ ሬዲዮ ፀጉር የመሰለ የመዳብ ሽቦ ፈታና በሮተሩ ሦስት ክንዶች ላይ በእኩል መጠን ጠቀለለ፤ ጫፎቹንም በየደ። ባትሪ ሲያስነካው ሞተሩ ጣቶቹ መሃል እንደ ንብ ጮኸ። ዕዝራ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ለማን እንደሚያሳየው ሲያስብ ቆየና አጥፍቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ከዚያ ወዲህ የቡራዩ ልጆች ሞተር ይልኩለት ጀመር። ሁሉም የሚፈልጉት ፍጥነት ነው። ዕዝራ ወፍራም ሽቦ ይመርጥና የጥቅሉን ዙር ይቀንሳል፤ ያኔ መኪናዋ ትበራለች፤ ሞተሩም ቶሎ ይቃጠላል፤ እነሱም መልሰው ይልኩታል። «ኢንጂነር» ይሉታል። ስሙን የሚያውቀው ወንዲ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ወንዲ ደወለለት። «ኢንጂነር፣ ሱሉልታ የምትኖር ደንበኛ አለችኝ፤ ጂቱ ትባላለች። የሪሞት መኪና ሸጬላት ነበር፣ አሁን ይዛው መጣች። ይፈጥናል፣ ቀስ እንዲል አድርጉልኝ ነው የምትለው።»

«ቀስ እንዲል?»

«እኔም ገርሞኛል። ትችላለህ?»

ለማዘግየትማ አይቸግርም። ሽቦውን ማቅጠንና ዙሩን ማብዛት ነው። ሆኖም እንዲህ ያለ ነገር የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ዕዝራ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ተጨንቆ ሠራው። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ያው ሞተር ተመልሶ መጣ፤ አልተቃጠለም። «በጣም ጥሩ ነው፣ ትንሽ ደግሞ ቀስ ይበል ብላለች» አለው ወንዲ። ዕዝራ እንደገና ፈታው፤ የባሰ ቀጭን ሽቦ ፈልጎ፣ በሱ ትንፋሽ እንዳይበጠስ ፊቱን እያዞረ ጠቀለለው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣበት ግን ስልክ ቁጥሯን ከወንዲ ተቀብሎ ራሱ ደወለ።

«እትዬ ጂቱ፣ ሞተሩን የምጠቀልለው ልጅ ነኝ። ዕዝራ እባላለሁ። ከዚህ በላይ ካዘገየሁት መኪናዋ ጉልበት አጥታ መሬት ላይ ትቆማለች። ምን ላይ እንደምትነዳ ባይ ይሻላል።»

«እንግዲህ ና፤ እሑድ ቤት ነን» አለችው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረ። አዲሱ ገበያ ላይ የሱሉልታ ሚኒባስ ይዞ የእንጦጦን ጋራ ተሻገረ። ማዶው ብርድ ነው። ጂቱ መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችው፤ አምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ነጠላዋን አገልድማ የታጠቀች ሴት ናት። «አካም ጂርታ፣ ዕዝራ? አንተን ደግሞ ሽማግሌ አድርጌህ ነበር» አለችውና ወደ ግቢዋ መራችው።

ግቢው ውስጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ከተቀመጠ ወንበር ላይ አንድ ትልቅ ሰው ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደተጣለ ነው። ግራ እጁ ሪሞቱን ይዟል። ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ድንጋዮች ተደርድረው የተጠማዘዘ መንገድ ሠርተዋል።

«ባለቤቴ ነው፤ የሺጥላ» አለች ጂቱ። «ተሳቢ ነጂ ነበር። ጎጃም መንገድ ላይ ነው ያረጀው፤ ዓባይ በረሃን ስንቴ እንደወረደ እሱ ራሱ አያውቀውም። ስትሮክ መታው። አሁን ሁሉን ይሰማል፣ መናገር ግን አይችልም። መኪናዋን ያመጣሁለት ቢያንስ ግራ እጁ እንዳትሰንፍ ብዬ ነው። ስትፈጥንበት ግድግዳ ትገጫለች፤ ያን ጊዜ ሪሞቱን ይወረውርና ቀኑን ሙሉ ፊቱን አዙሮ ይውላል።»

«ታዲያ መጀመሪያ ያዘገየሁት በቂ አልነበረም?»

«በቂ ነበር እንጂ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እጁ ነው ከመኪናዋ እየዘገየ የሄደው።»

ዕዝራ ሁለት ጊዜ የጠቀለለው ሽቦ ምን ሲለካ እንደነበር ገባው። ወንበሩ አጠገብ ተንበርክኮ «ጋሽ የሺጥላ፣ ዕዝራ ነኝ። ሞተሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። እስቲ ይንዱልኝና ልይ» አለ።

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መኪናዋን አስነሳ። ቀጥ ባለው ላይ ለቀቅ አደረጋት፤ መታጠፊያው ሳይደርስ ያዛት፤ ዶሮ ስታቋርጥ አቁሞ አሳለፋት። ዳገት ተብላ በተከመረችው አፈር ላይ ግን መኪናዋ አቃሰተችና ቆመች። ሽማግሌው ዕዝራን አየና አፉን በግድ እያላቀቀ አንድ ቃል አወጣ። «ማ... ማርሽ።»

ዕዝራ ፊቱ በራ። «ልክ ነዎት፣ ጋሼ። ከባድ ማርሽ ነው የጎደላት። ሞተሩ ላይ ብቻ ስታገል የማርሹን ጥርስ ረስቼው።»

በሚቀጥለው እሑድ ከሌላ አሻንጉሊት የፈታቸውን ጥርሶች፣ የጠቀለላቸውን ሮተሮችና መበየጃውን በፌስታል ይዞ መጣ። እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሠራ። መኪናዋ ዳገቱን እንደ ጭነት መኪና እያጓራች ወጣችው። የሺጥላ አናቱ ላይ ሲደርስ አቆማትና ሞተሯን እንደሚያበርድ ሰው ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ ቁልቁሉን ይዟት ወረደ። ጂቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታያለች።

ዕዝራ ከዚያ በኋላ እሑድን ሱሉልታ መዋል ለመደ። አንዳንዴ የሚጠገን ነገር ይኖራል፣ አንዳንዴ አይኖርም። ድንጋዮቹን በአዲስ መልክ ይደረድራል፤ የሺጥላ ይነዳል። ዕዝራም ያወራል። መጀመሪያ ስለ ሽቦ ነበር የሚያወራው፤ እየዋለ እያደረ ስለ እናቱ ሞት፣ ስልክ መደወል ስለተወው ወንድሙ፣ ሊያገባት አስቦ ሳይነግራት ስለቀረችው ልጅ ያወራ ጀመር። ለማንም ተናግሮት የማያውቀው ነገር ነው። ሽማግሌው ሪሞቱን ጭኑ ላይ አኑሮ ዓይኑን ሳይነቅል ይሰማዋል። አንዳንዴ መሃል ላይ ሲያቆምበት ግራ እጁን ያነሳና ወደፊት ይጠቁመዋል፤ ቀጥል እንደማለት ነው። ዕዝራ ወደ ሰበታ ሲመለስ ጉሮሮው በወሬ ብዛት ደርቆ ይመለስ ነበር።

ክረምት ገባ። ግቢው ጭቃ ሲሆን ወንበሩን ሳሎን አስገቡት፤ መንገዱም በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መሃል ሆነ። የሺጥላ አሁን ጣቱን ሪሞቱ ላይ ለማሳረፍ እንኳ ጊዜ ይፈልጋል። ዕዝራ ሞተሩን ዳግመኛ ጠቀለለው። ከዚያ ወዲያ የሚቀጥን ሽቦ አልነበረውም። መኪናዋ ከጉንዳን ብዙም አትፈጥንም። ሆኖም ከግድግዳ ጋር አንድም ቀን አልተጋጨችም።

ስልኩ የተደወለው በሥራ ቀን ነው። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ መጀመሪያ አልሰማትም፤ ወደ ውጭ ወጣ።

«ዕዝራ፣ የሺጥላ አረፈ» አለች ጂቱ።

አለቃው ፈቃድ ከለከለው። «ምንህ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ዕዝራ የሚለው ጠፋው፤ «ዘመድ ካልሆነማ ሰው ይጎድልብኛል» አለው አለቃው፤ ቀብሩ አመለጠው። እሑድ ከአምልኮ ቀርቶ በጠዋት ሱሉልታ ደረሰ። ድንኳኑ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ሞልተዋል፤ አብዛኞቹ የድሮ ሹፌሮች ናቸው። ዕዝራ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

አጠገቡ ያለው ሽማግሌ ጎንበስ አለና «ረዳቱ ነበርክ?» አለው።

«አይ፣ ሲነዳ አልደረስኩበትም።»

«ታዲያ በምን ትተዋወቃላችሁ?»

ሰዎቹ የዓባይን ቁልቁለት ፍሬን በጥሶ ስለወረደ መኪና ያወራሉ። ዕዝራ ስለዚያች የመዳፍ መኪና ቢያነሳ ጨዋታ እንደሚመስልባቸው አሰበ። «እሑድ እሑድ እመጣ ነበር» አለ። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀና ወደ ሌሎቹ ወሬ ተመለሰ።

ዕዝራ መሬት መሬት ሲያይ የጂቱን ድምፅ ከላዩ ሰማ። ጥቁር ለብሳለች፤ ዓይኗ አብጧል። «አንተ እዚህ ምን ታደርጋለህ?» አለችው። «ተነስ፤ ከውስጥ ነው የምትቀመጠው፤ ከቤተሰቡ ጋር።» እጁን ይዛ በሰዎቹ መሃል አሳለፈችው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

ከዚያ በኋላም የተወሰኑ እሑዶች ሄደ። ከጂቱ ጋር ተቀምጠው ብዙ አይነጋገሩም ነበር፤ ሁለቱም ወንበሩ ወደነበረበት እንዳያዩ ይጠነቀቃሉ። መስከረም ላይ ጂቱ ቤቱን አከራይታ ጫንጮ እህቷ ዘንድ ገባች። መኪናዋን ከልብሷ ጋር ሸክፋ ወሰደቻት፤ ዕዝራም አልጠየቃትም። መጀመሪያ ሰሞን ትደውልለት ነበር፤ ኋላ በበዓል ብቻ ሆነ።

ዕዝራ ዛሬም ከፋብሪካ ሲመለስ በሩን ዘግቶ ለቡራዩ ልጆች ፈጣን ሞተር ይጠቀልላል። አንድ እሑድ ወንዲ ሞተር ሊቀበል ሰበታ መጥቶ ቤት አገኘው።

«ድሮ እሑድ አትገኝም ነበር፤ የት ነበር የምትሄደው?» አለው።

«ሱሉልታ» አለ ዕዝራ፤ ሞተሩን በወረቀት እየጠቀለለ። «ዘመድ ነበረኝ።»