«እረፊ» ብቻ ቀረ

ጋሼ አሳምነው የእህቴን የመቃብር ድንጋይ ሳያማክሩኝ ቫርኒሽ ቀቡት። ሰባት ዓመት ይሄን ነገር ሆዴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።

እህቴ እታለም ታላቄ ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ። ጋሼ አሳምነው ባሏ ናቸው፣ እዚህ በስደት አገር ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራሉ። ድንጋዩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ቢጫ የአሸዋ ድንጋይ፣ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ሰው ገላ የሚሞቅ። ስሟ ተቀረጸበት፣ ከሥሩ «በሰላም እረፊ»። በሙት ዓመቷ ስንሄድ እንደ ታጠበ መኪና ያብለጨልጫል። የፓርኪንጉን ወለል የሚቀቡበትን አምጥተው ለቅልቀውታል። ምን ነካዎት አልኳቸው። ያምራል ብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የምሠራበት ሬስቶራንት ምሳ ሊበሉ ሲመጡ ሽሯቸውን አስቀምጣለሁ፣ ቃል አልጨምርም። መንገዱ ሁሉ ያውቃል። ካሸሯ ሲሀም፣ «ዛሬም ሽሮው ብቻ ነው ያናገራቸው?» እያለች ትስቅብኛለች።

ድንጋዩ ግን ይላጥ ጀመር። መጀመሪያ ነጭ ነገር አወጣ። ቀመስኩት፣ ጨው ነው። ቀጥሎ ከቫርኒሹ ሥር እያበጠ እንደ ቁስል ቅርፊት ይነሳል። አንድ ቀን ስሄድ «በ» የለችም። ሌላ ጊዜ «ሰ»ን ሣሩ ላይ አገኘኋት፣ በመሐረብ ቋጥሬ ወሰድኳት። «ላም እረፊ» የሚል ቀረ። ለሲሀም ብነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ፣ የፒኮ መንገድ አውቶብስ ላይ ስወጣ ግን እንባዬ መጣ። ቆይቶ «ላም»ም ወደቀች።

እረፊ። እታለም ለኔ ከሁሉ የምታበዛው ቃል ይቺ ነበረች። ዛፍ ላይ ስወጣ እረፊ። ከጎረቤት ስጣላ እረፊ። ሆስፒታል ተኝታ እንኳ፣ ነርሷን ስጨቀጭቃት ዓይኗን ሳትገልጥ፣ እረፊ። አሁን ድንጋዩ ይለኝ ጀመር። ወጥ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ ከኋላዬ እሰማታለሁ። ዞር ስል ፍሪጁ ነው።

ይህ ሳያንስ ጋሼ አሳምነው ድንጋዩን አስነስተው ፎቶዋ ያለበት ጥቁር ግራናይት ሊያስተክሉ ነው ሲባል ሰማሁ። የቀረችኝ ድምፅ ያቺው ናት። ትቆጣኝ እንጂ ዝም አትበለኝ።

ካልቨር ሲቲ የምትኖር ኤማ የምትባል የአገራችን ልጅ አለች፤ ሥራዋ የአሮጌ ሕንጻዎችን ድንጋይ ማከም ነው። መቃብሩ ጋ ይዣት ሄድኩ። በጣቷ አጥንት ኳ ኳ አደረገችው። ሰው የለቀቀው ቤት በር ሲንኳኳ እንዲያ ነው የሚጮኸው።

«ሣሩን የሚያጠጣው ውሃ ጨው ይዞ ከሥር ይገባል» አለችኝ። «ቫርኒሹ ደግሞ ብሪዝ እንዳያደርግ፣ እንዳይተነፍስ፣ ከልክሎታል። ሶ፣ ጨዉ ፊቱን እየገፋ ይጥለዋል።»

ቫርኒሹን በቀስታ አንስቶ፣ እርጥብ የወረቀት ሊጥ ለጥፎ ጨዉን ማስመጠጥ ይቻላል አለች። የወደቀው አይመለስም፣ የቀረው ግን ይተርፋል። መቃብሩ በጋሼ አሳምነው ስም ስለሆነ እሳቸው እሺ ማለት አለባቸው።

በማግስቱ ሽሯቸውን ሳስቀምጥ፣ «ጋሼ፣ እሑድ ከኔ ጋር ይሄዳሉ» አልኳቸው። ሲሀም ብርጭቆ ከእጇ ሊያመልጣት ነበር።

እሑድ ኤማ የቫርኒሹን ነገር አስረድታቸው እንደገና አንኳኳች። ጋሼ አሳምነው ያንን ባዶ ድምፅ ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ የስንት ዓመት ስድብ በተራ በተራ አዘጋጅቻለሁ፤ በዚህ ማንም አይችለኝም። አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ዝናብ እንዳይገባባት ብዬ ነበር» አሉ።

ዝናብ በማያውቅ አገር።

ድንጋዩን አየሁት። እረፊ ይላል።

አፌን መልሼ ዘጋሁት። ጋሼ አሳምነው ግራናይቱ ይቅር አሉ። ኤማ ቫርኒሹን አንስታ ስትጨርስ፣ የወደቀውን ቃል እንደገና እናስቀርጽ ወይ ብላ ጠየቀች። እሳቸው ወደኔ ዞሩ። «ተዪው፣ እንዲሁ ይሁን» አልኩ።

የወረቀቱን ሊጥ እኔ አቦካሁ፣ እሳቸው ለጠፉ። ስሟን እሳቸው ሸፈኑ። እረፊን ግን እኔ ሸፈንኩና መዳፌን ከላይ ጫንኩ። ከሥር ቀዝቃዛ ነገር፣ እንደ ትንፋሽ ያለ፣ ቀስ እያለ ወደ እጄ መጣ። እጄን አላነሳሁም። ጋሼ አሳምነውም አጠገቤ ተንበርክከው እጃቸውን ከእጄ ጎን አደረጉ።