የተቆረጠው ግጥም

የትናየት የሱዳን ድንበር አጠገብ ካለችው ኮኪት ተወልዳ ያደገች፣ የትራክተር ሹፌር ልጅ ናት። ሬጌን ያስተማራት ማንም የለም። ከገዳሪፍ የሚመጡ ሱዳናውያን ሾፌሮች መኪናቸውን ከእነየትናየት ቤት ፊት አቁመው ካሴት ሲከፍቱ እየሰማች ነው የለመደችው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጸጉሯን ራስታ አደረገች፤ ሥጋ ተወች፤ ጃህን ማመስገን ጀመረች። እናቷ ሦስት ወር ሙሉ አኮረፈቻት። አባቷ ግን ሳቁባት። «ጃንሆይን እኮ እኔ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ» አሉ። «ጎንደር የመጡ ጊዜ ፀሐይ ላይ አቁመው ነው ያዋሉን። አንቺ ደግሞ አምላክ አልሻቸው?»

እሷ አልተመለሰችም። ሻሸመኔ አራት ዓመት ኖሮ የመጣ አለምሰገድ የሚባል ጊታሪስት መተማ ዮሐንስ ላይ ባንድ ሲያቋቁም ገባች። አለምሰገድ ስለ ነፃነት ሲያወራ አፍ ያስከፍታል። የትናየትን ግን ሦስት ዓመት ከኋላ አቆማት። «ሲስተር፣ ሴት ከፊት አትቆምም። ሥርዓት ነው» ይላታል። ሥርዓቱን ማን እንደሠራው አልጠየቀችም፤ ጥርሷን ነክሳ ተቀባይ ሆነች።

ከፊት ያወጣት የወንድሟ የቢሆነኝ ሞት ነው። ቢሆነኝ በሰሊጥ አጨዳ ከግራር ሥር ሲያድር የአሸዋ ዝንብ ነክሶት ካላዛር የሚባለው በሽታ ያዘው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ፣ እጅና እግሩ እንጨት አከለ። ያሠራው ሰው «ወባ ነው» ብሎ ኪኒን እየሰጠ አጨዳውን አስጨረሰው፤ ሐኪም ቤት ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። የትናየት ከተዝካሩ በኋላ አንድ ዘፈን ይዛ መጣች። አዝማቹ የአሠሪ ጥሪ ነው፦

ና ውረድ ቆላ ሰሊጡ ደርሷል፣
ያንተን እጅ ብሎ ማሳው ጠብቋል።

ቀጥሎ ያለው የእሷ መልስ ነው፦

ብሎ የጠራህ ሰው በአጎበር ተኝቷል፣
የወረደው ወንድሜ ከግራር ሥር ቀርቷል።

ዘፈኑ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ከመተማ እስከ ሳንጃ ተሰማ። ሆቴሎቹ እሷን እየጠሩ ሲያስቸግሩ አለምሰገድ ሳይወድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሰባት ዓመት እንዲህ ዘፈነች።

ባለፈው መስከረም ኮኪት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አንድ ልጅ ተጋድሞ አየች። ስንሻው ይባላል፤ የጎጃም ልጅ ነው። ዘፋኟ ራስታ ናት ሲሉ ሰምቶ ኖሮ፣ ጸጉሯን አይቶ በክንዱ ተደገፈና «የመኪናዋ ዘፋኝ አንቺ ነሽ?» አላት።

«የምን መኪና?»

«አምና አገራችን ገበያ የመጣችው ናታ! ሞንታርቦ የጫነች ፒካፕ። ና ውረድ ቆላ ትያለሽ። አሥራ አንድ ሆነን አንቺን ሰምተን ወረድን። ሁለቱን ቀብረናቸዋል።»

«ከዚያ በኋላስ ምን እላለሁ? ከጥሪው በኋላ?»

ልጁ ግራ ገባው። «ምንም። እሱኑ ትደጋግሚዋለሽ።»

የትናየት ጎንበስ ብላ ሆዱን ዳሰሰች። ከግራ የጎድን አጥንቱ በታች ያለውን ጠጣር እብጠት እጇ ከቢሆነኝ ጊዜ ያውቀዋል። ባጃጅ አስቁማ፣ ልጁን ደግፋ አሳፍራ ጤና ጣቢያ አደረሰችው። ሆስፒታል እስኪላክ ድረስ ከጎኑ አልተነሳችም። ከዚያ በቀጥታ አለምሰገድ ቤት ሄደች።

አለምሰገድ አዲሶቹን ድምፅ ማጉያዎች እየወለወለ ነበር። ከየት እንዳመጣቸው አንድም ቀን አልጠየቀችውም ነበር፤ አሁን ገባት።

«ዘፈኔን ለማን ሰጠኸው?»

«ለጋሽ ባህሩ። ለእርሻው ማስታወቂያ ፈልጎት ነው። እሱም ባንዱን ረዳን።» እጁን ጠርጎ ፈገግ አለ። «ሲስተር የትና፣ ዘፈን የጃህ ነው። የእኔ፣ የአንቺ የሚባል ነገር የባቢሎን፣ የጨቋኞቹ አስተሳሰብ ነው።»

«የጃህ ከሆነ ለምን ግማሹን ቆረጣችሁት?»

«እኔ አልቆረጥሁም።»

«ሲቆረጥ ግን አውቀሃል!»

ጨርቁን አንስቶ መወልወሉን ቀጠለ። የትናየት ማጉያውን በእግሯ ገፍታ ጣለችው። አሥር ዓመት አብረው ሲሠሩ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የተናገረችው የዚያን ቀን ብቻ ነው። «ቢሆነኝ ሲሞት ሬሳውን ተሸክመሃል። አብረኸኝ አልቅሰሃል። የወንድሜን ለቅሶ ነው ለሰው መጥሪያ የሸጥኸው!»

ጋሽ ባህሩን ኮኪት ዳር ካለው መጋዘኑ አገኘችው። ትልቅ የሰሊጥ እርሻ ያለው፣ ሰው በጨዋነቱ የሚያመሰግነው ሰውዬ ነው። ወንበር አቀረበላት። አልተቀመጠችም።

«ግጥሙ ደስ ይላል፣ ልጄ» አላት። «ትንሽ ረዘመ ብለው ልጆቹ አሳጠሩት እንጂ እኔ ክፋት የለኝም።»

«እርስዎ እርሻ ላይ ስንት ሰው ታሞ ሄደ?»

«እሱን እግዜር ነው የሚያውቀው። ቆላ ቆላ ነው።»

«ለሠራተኞቹ አጎበር ይስጧቸው። ፒካፗንም ያስቁሙ።»

ባህሩ ሳቀ፤ የክፉ ሰው ሳቅ አልነበረም፤ ሕፃን የተናገረው ነገር እንደሚያስቀው ሰው ነው የሳቀው። «የእኔ ልጅ፣ አንቺ ዝፈኚ። እርሻውን ለእኛ ተይው።»

በማግስቱ ጠዋት ሠራተኞች ተሰብስበው አሠሪ ከሚጠብቁበት ሜዳ ሄደች። የባንዱ ቤዝ መቺ ዑበይዳ ተከተላት። ጦርነቱን ሸሽቶ ከካርቱም የመጣ፣ ቤቱንም ጊታሩንም እዚያው ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ነገሩን ስትነግረው ያላት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያላ፣ እንሂድ።»

ፒካፗ ቆማለች። ሞንታርቦው የትናየትን ድምፅ ይጮሃል። ሠራተኞቹ ማጭዳቸውንና ጨርቃቸውን ይዘው ሁለት ኢሱዙ ላይ እየወጡ ነው። የትናየት ጎማውን ረግጣ ፒካፗ ላይ ወጣችና ማይኩን ከአስተዋዋቂው እጅ ነጠቀች። ዑበይዳ የሙዚቃውን ገመድ ነቀለ። ሜዳው ጸጥ አለ።

«ስትሰሙት የከረማችሁት ድምፅ የእኔ ነው» አለች። «ዘፈኑ ግን አላለቀም።»

ዑበይዳ የፒካፗን ጎን በመዳፉ መምታት ጀመረ፤ ከባድ፣ ዘገምተኛ ምት። እሷ ዘፈነች። አልተስረቀረቀችም። የተቆረጡትን መስመሮች እንደ ስድብ ነው የወረወረቻቸው። ሦስት ጊዜ ደገመች። ከዚያ የወንድሟን ስም፣ ስንሻው የነገራትን የሁለቱን ልጆች ስም ጠራች። «ያለ አጎበር አትሳፈሩ! ሰሊጥ ካለፈበት ይረግፋል፤ ሊጠብቃችሁ አይችልም። እናንተ ግን ጠብቁ!»

የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ «ይቺ ያበደች! አውርዷት!» እያለ ይጮሃል። አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ ከኢሱዙው ላይ ጨርቁን ወርውሮ ወረደ። «እኔም ወንድሜን በካላዛር ነው ያጣሁት» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ሌሎችም ተከተሉት። ግማሽ ያህሉ ወረዱ። ግማሹ ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ።

ፖሊስ «ሥራ አስተጓጉለሻል» ብሎ የትናየትን እስከ ቀትር አቆይቶ ለቀቃት። የወረዱት ሠራተኞች ግን ሁለት ቀን ሜዳው ላይ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ሰሊጡ መፈንዳት ሲጀምር ጋሽ ባህሩ አጎበር ጭኖ መጣ። ለእነሱ ብቻ ነው ያደለው። ቀድመው የተሳፈሩት እንደ ድሮው ከግራር ሥር አደሩ። ይህን ስትሰማ የትናየት በቁጭት ለቅሶ መጣባት፤ ጨርሶ ደስ አላላትም።

ከዚያ ወዲህ የትኛውም ሆቴል አልጠራትም። ባለሆቴሎቹ የባህሩ ወዳጆች ናቸው። አለምሰገድ «ጋሽ ባህሩን ይቅርታ ጠይቂውና እንቀጥል» ብሎ ሰው ላከባት፤ የላከውን ሰው ከደጅ መለሰችው።

ስንሻው አሥራ ሰባት ቀን መርፌ ተወግቶ ዳነ። አገሩ ሲሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችው። አላመሰገናትም። «አልረገምሁሽም» አላት፣ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆሞ። «አታውቂም ነበር። ግን ድምፅሽን ስሰማ እነዛ ልጆች ይታዩኛል። እኔ ባለሁበት እንዳትዘፍኝልኝ።»

«እሽ» አለችው። በእሱ አልተናደደችም፤ በድምፅዋ እንዲህ ባደረጉባት ሰዎች ግን ደሟ እንደፈላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

አሁን ባንድ የላትም። በአጨዳ ወቅት ከዑበይዳ ጋር አብርሃ ጅራ ከተማ ወርዳ ሠራተኛ የጫኑት መኪኖች ከመነሳታቸው በፊት ዘፈኑን ሙሉውን ትዘፍናለች። እሱ ባዶ ጀሪካን ይመታል። ባለፈው ሳምንት አንድ ካቦ መጥቶ «አንቺ፣ ሥራ የለሽም?» አላት።

«ሥራ ላይ ነኝ» አለችውና ጀርባዋን ሰጥታው ቀጠለች።