«የለም» የማይባልበት ተራ

«አለ!» አለች ሠርኬ፣ የሌላትን።

ደንበኛዋ የጠየቁት አረንጓዴ ሳፋ ነበር። በሠርኬ ሱቅ ሰማያዊ ሳፋ ሞልቷል፣ ቀይም አለ፣ ሳፋው የጠፋበት አረንጓዴ ክዳንም አለ። አረንጓዴ ሳፋ ግን የለም። እሷ በርጩማ አቅርባ፣ «ከመጋዘን እስኪመጣ ዐረፍ ይበሉ» አለችና አንገቷን ወደ ጎረቤት አሰገገች። «መጋዘን» ማለት የማሂራ ሱቅ ነው። ማሂራም ከሌላት ከማሂራ ማዶ ይመጣል። በዚህ የመርካቶ ጥግ «የለም» የሚል ነጋዴ አንድ ደንበኛ ብቻ ሳይሆን የተራውን ገበያ በሙሉ እንዳባረረ ይቆጠርበታል።

ሳፋው መጣ፣ ተሸጠ፣ ደንበኛዋም መርቀው ሄዱ። ወዲያው የሠርኬ ስልክ ጮኸ። መነጽሯን አድርጋ አየችውና ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ፉርቃን! በቤንዚን የተነሳ እሳት!»

ሌላ ቦታ ቢሆን ሰው ዕቃውን ጥሎ ይሮጥ ነበር። አጠገቧ ስፖንጅ ፍራሽ የሚሸጠው ፉርቃን ግን ከተጋደመበት ሳይነሳ መለሰላት።

«ለ!»

«ለ»ን ተጫነች። ስልኩም «በጣም ጥሩ!» አላት።

ነገሩ የኦንላይን ሥልጠና ነው። የነጋዴዎች ማኅበር ስለ እሳት አደጋ የሚያስተምር ቪዲዮ በቴሌግራም ይልካል፤ ከቪዲዮው ቀጥሎ ኩዊዝ ይመጣል። ቪዲዮውን ስለ ተራው ሆኖ የሚያየው ፉርቃን ነው፤ ሥራው ፍራሽ ላይ መጋደም ስለሚፈቅድ ጊዜ አለው። መልሱ ከእሱ ወደ ሠርኬ፣ ከሠርኬ ወደ ማሂራ፣ ከማሂራ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ኩረጃ ብሎ የጠራው የለም። ከጎረቤት ማምጣት ኩረጃ ከሆነማ መርካቶ በሙሉ ወድቋል።

ከቀትር በኋላ ሱንዱስ መጣች። ጥያቄዎቹን የምታዘጋጀው የሥልጠናው አስተባባሪ ናት፤ መርካቶን ስለምታውቅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋለች።

«እትዬ ሠርኬ፣ እንኳን ደስ አላችሁ» አለች። ፊቷ ግን ለቅሶ ቤት የደረሰች ይመስላል።

«ምነው ልጄ? ወደቅን እንዴ?»

«ምነው በወደቃችሁ! ሁላችሁም ደፍናችኋል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ የተግባር ልምምዱ ሊቀርባችሁ ነው። እውነተኛ እሳት አንድደው በማጥፊያው የሚያለማምዱት ባለሙያዎች የሚሄዱት ውጤቱ ዝቅ ያለ ተራ ጋ ነው። ኩዊዙን ያዘጋጀሁት ማን ምን እንደጎደለው እንዲነግረኝ ነበር። እናንተ ጋ የጎደለ የለም ይላል።»

«አልሀምዱሊላህ!» አለ ፉርቃን ከፍራሹ ላይ። «ሱቅ ዘግተን ልንውል ነበር እኮ!»

ሠርኬ አልሳቀችም። ዐይኗ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቀይ የእሳት ማጥፊያ ላይ ዐረፈ። ገና ከነላስቲኩ ነው። እሷ ጃንጥላዋን ትሰቅልበታለች።

ባለፈው ሳምንት ከሱቋ ጥግ ያለው የመብራት ማከፋፈያ ተንጣጥቶ እሳት ተፍቶ ነበር። የኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውሃ እንደማይደፋ በዚያው ጠዋት ደፍናለች። እጇ ግን ኩዊዙን አልወሰደም ነበርና ጀሪካን አነሳ። ፉርቃንም እየሮጠ መጥቶ ሌላ ጀሪካን አነሳ። ያዳናቸው ጀሪካኖቹ ለሽያጭ የተቀመጡ መሆናቸው ነው፤ ባዶ ነበሩ። ሁለቱ ባዶ ጀሪካን ዘቅዝቀው እንደቆሙ የሰፈሩ መብራት ጠፋ፣ መንጣጣቱም አብሮ ጸጥ አለ። በዚያ ተራ መብራት ሲጠፋ «ተመስገን» የተባለው ያን ቀን ብቻ ነው። ያ እሳት አንድ ክንድ ቢራመድ ኖሮ የፉርቃን ስፖንጅ ጋ ይደርስ ነበር። ስፖንጅ ደግሞ እሳትን «የለም» ብሎ አይመልስም።

«ሱንዱስዬ» አለች ሠርኬ፣ «ከየጥያቄው ሥር ‹መ፦ አላውቅም› የሚለውን ማን ነው ያስገባው?»

«እኔ ነኝ። አለቃዬ ‹አውጪው› ቢለኝም እንቢ ብዬ ነው። ከዚህ ተራ ግን አንድም ሰው ነክቶት አያውቅም።»

«ማን ይነካዋል! አንቺ ሱቄ መጥተሽ ‹የለም› ብልሽ ነገ ትመለሻለሽ?»

ሱንዱስ ልትስቅ ብላ ተወችው። «የመጨረሻው ኩዊዝ ዛሬ አመሻሽ ላይ ይላካል። ልምምዱ ለማን እንደሚሰጥ የሚወሰነው በእሱ ነው» አለችና ቦርሳዋን እንዳቀፈች ወደሚቀጥለው ተራ አለፈች።

ሠርኬ ወደ እሳት ማጥፊያው ዞረች።

«ፉርቃን፣ እስቲ ና። ያንን ቀዩን አውርደህ አሳየኝ።»

«ምኑን ላሳይዎት እትዬ? ዕቃ ነው እኮ።» ቢሆንም መጣ፤ ጃንጥላውን አንስቶ ማጥፊያውን አወረደና እንደ ሕፃን ታቀፈው። «ይኸውልዎት፤ መጀመሪያ ይቺ ቀለበት ትወጣለች።»

«አውጣታ።»

ጎተታት። አልወጣችም። ጠመዘዛት። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ እንጂ ቀለበቷ አልወጣችም።

«ኩዊዙ ላይ እኮ ትወጣለች!» አለ።

«እሺ፣ ወጣች እንበል። ከዚያስ?»

«ከዚያማ...» ፉርቃን ቱቦውን አየ፣ እጀታውን አየ፣ ቱቦውን እንደገና አየ። «ከዚያማ ‹ሐ› ነው።»

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ በአንድ ጊዜ አለቀባቸው።

አመሻሽ ላይ፣ ተራው ዕቃውን ወደ ውስጥ ማስገባት ሲጀምር፣ ስልኮቹ ተከታትለው ጮኹ። አንደኛው ጥያቄ «የእሳት ማጥፊያን ለመጠቀም በቅድሚያ ምን ያደርጋሉ?» ይላል።

«እትዬ!» አለች ማሂራ ከሱቋ። «አንደኛው ምንድን ነው?»

ሠርኬ ወደ ፉርቃን ዞረች። ፉርቃን ቪዲዮውን አይቷል፣ መልሱ አለው፣ አፉም ተከፍቷል። እጇን አንስታ አስቆመችው። ሱቅ ከከፈተች ጀምሮ ከአፏ ያልወጣውን ቃል ልታወጣ ነው።

«መ» አለች።

«ምን?»

«መ። አላውቅም በይ።»

«ኧረ እትዬ!» ፉርቃን ድምጹን ዝቅ አደረገ። «አንደኛ ለሚወጣ ተራ የክብር ሰሌዳ ይሰጣል እኮ! የሚሰቀልበትን ቦታ ሁሉ መርጬ ነበር። የመሳለሚያ ነጋዴዎች ምን ይሉናል? ወላሂ መሳቂያ ነው የሚያደርጉን።»

«ይሳቁ። እሳት ሲመጣብህ ሰሌዳውን ታነብለታለህ?»

ፉርቃን ማጥፊያውን አሁንም እንዳቀፈ ነበር። እንቢ ያለችውን ቀለበት አንዴ ነካካት። ዞሮ እስከ ጣሪያ የተከመረውን ስፖንጁን አየ። ከዚያ ወደ በሩ ወጣና፣ የጎደለ ዕቃ ከማዶ ሲያስመጣ በሚጠራበት ድምጹ ተራውን ተጣራ።

«መ ነው! ሁሉም ጥያቄ መ ነው!»

«መ!» አለች ማሂራ።

«መ!» ተባለ ከማሂራ ማዶ። እንዲህ እያለ ወደ ታች ወረደ። በዚያ ተራ ከጎረቤት የመጣን ዕቃ አገላብጦ የሚያይ የለም።

ሠርኬ ጃንጥላዋን አንስታ ሌላ ምስማር ላይ ሰቀለችው። ከዚያ መነጽሯን አስተካክላ «አላውቅም» የሚለውን ተጫነች። ስልኩ ወዲያው አልተቀበላትም፤ «እርግጠኛ ነዎት?» ሲል ጠየቃት።

«ይቺን እንኳ አውቃታለሁ» አለችና «አዎ»ን ተጫነች።