የአየር ግንበኛ

«ዝናቡን እዩት እስቲ! ምን ዓይነት ዓይን ቢኖረው ነው!» አለች ሬዲዮ የሚሏት ጎረቤት፣ ከሐዘንተኞቹ ወንበር በላይ የተሰቀለውን፣ አየር ላይ የተንሳፈፈ ድልድይ ያለበትን ሥዕል በጣቷ እያሳየች።

የሟቹ ሠዓሊ እህት የሻይ ብርጭቆ የሞላውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አድርጋ አስቀመጠችው። ዝናብ አይደለም። የማተሚያው የቀለም ቀዳዳ ተደፍኖ ያመጣው ነጭ መስመር ነው። ወንድሟ በኮምፒውተር የሚሥላቸውን የወደፊት ከተሞች በትልልቅ ወረቀት ሲያትም፣ የምትቆርጠውና የምታሽገው እሷ ነበረች። ይህን ቅጂ ገና ከማሽኑ ሲወጣ አይቶ «ወዲያ!» ብሎ ቆሻሻ ውስጥ ሲወረውረው በዓይኗ አይታለች። ከስንት ድንቅ ሥራው መካከል አባቷ መርጠው የሰቀሉት እሱን ነው!

አባትየው ግንበኛ ናቸው። ልጃቸው የሚሥላቸው ሕንፃዎች ደግሞ አየር ላይ የሚንሳፈፉ፣ ግድግዳቸው ብርሃን፣ መንገዳቸው ወደ ላይ የሚፈስ ነበሩ። «መሠረት የሌለው ቤት፣ ቤት አይደለም» ይሉ ነበር። «የአየር ግንበኛ» ብለው በሰው ፊት ያላግጡበታል። ሰው ይስቃል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ከዚያ ማተሚያ ክፍሉ ገብቶ ግማሽ ቀን ትንፍሽ አይልም። ሥራዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሳየ ዕለትም በር በሩን ሲያይ ዋለ፤ አባቱ አልመጡም። መኪና ገጭቶ እስኪገድለው ድረስ አንዲት «ጎሽ» ከአፋቸው አልሰማም።

ዛሬ ግን ለገባው ለወጣው ሁሉ «ልጄ እኮ ሠዓሊ ነበር» ይላሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«አባቱን ነው የወጣው» አለች ሬዲዮ። «እጁ እኮ የግንበኛ እጅ ነው።»

እህትየው ደሟ ፈላ።

«አባባ፣ ያውርዱት።»

«ምኑን?»

«ሥዕሉን! ብልሽት ነው፤ ራሱ የጣለው ነው! በቁሙ ቀና ብለው ያላዩትን ሥራ ዛሬ ለለቀስተኛ ያሳያሉ?»

ሬዲዮ እንኳ ተዘጋች።

«መጣሉንማ አውቃለሁ» አሉ አባትየው ቀስ ብለው። «ከቆሻሻው ያነሣሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን የረሳውን ቁልፍ ላቀብለው ሄጄ አየሁት። እስካሁን አልጋዬ ሥር ነበር። ሰው ሲወጣልኝ እያወጣሁ፣ ይህችን ድልድይ በምን እንዳቆማት አስባለሁ። እስከ ዛሬም አልገባኝም።»

አንጀቷ ይራራል ብላ ጠብቃ ነበር። ይልቁንም ባሰባት።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅኸውም?» ብላ ጮኸች፤ አንቱታውም ጠፋባት። «በምን ቆመች ብትለው እኮ ሲያስረዳህ ይውል ነበር! እሱ ያንን ሲጠብቅ ሞተ፣ አንተ አልጋ ሥር ደብቀህ!»

አባትየው ወንበር ላይ ወጡና ሲሚንቶ የሰነጣጠቃቸውን እጆቻቸውን ወደ ወረቀቱ ዘረጉ።

«ቆይ! በባዶ እጅ አይነካም» አለቻቸው፤ ቁጣዋ ገና አልበረደም።

ወንድሟ ኅትመት ሲያነሣ የሚያጠልቀውን፣ እሷ ከሞተ ወዲህ ይዛው የምትዞረውን ነጭ የጥጥ ጓንት ከኪሷ አወጣች። ጓንቱ ለአባቷ እጅ ይጠባል። እየተነጫነጨች፣ እንባዋ እየወረደ፣ ጣታቸውን አንድ በአንድ አስገባችላቸው።