የባጃጇ ክርን

ጋሽ ዘገዬ ቦንጋ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ባጃጅ ሲነዳ ኖሮ፣ ሐኪሙ «ወገብዎ አልቻለም፣ ከእንግዲህ ይበቃዎታል» አለው። እሱንስ ችሎት ነበር። ያልቻለው የባጃጇን ነገር ነው። ልጁ አብርሆት መንጃ ፈቃዷን ይዛ «ለእኔ ስጠኝ» ትለዋለች፤ ከሺሺንዳ ደግሞ ልምድ ያለው ሾፌር ተገኝቶ መልስ ይጠብቃል።

ሰውዬው እኮ ጉድ ነው! ሁለቱ ስፖኪዮዎች፣ የጎን መስታወቶቿ ማለት ነው፣ የገዛ ክርኖቹ ይመስሉታል። ጠባብ መንገድ ሲገባ ትከሻውን ሰብሰብ ያደርጋል። አንዴማ በቆመችበት በሬ ቢገፋት፣ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ «ኧረ ጎኔን!» ብሎ ጮኾ ሰፈሩን በሳቅ ገደለው። ጎረቤቱ ይመኙሻል የባዮሎጂ መምህርት ናትና «አትሳቁበት፤ አእምሮ አብሮት የኖረውን ዕቃ ከገላው ይቆጥረዋል» ብላ ስትከራከርለት፣ «ተማሩ እንጂ ታዲያ!» ብሎ ደረቱን ነፋ።

ይህንን ለአብርሆት እንዴት ያስተምራት? «ስፋቷን በምን ታውቀዋለህ አባዬ?» ስትለው፣ «እንዴ፣ ይታወቃላ! አንቺ በር ስትገቢ ትከሻሽን ትለኪያለሽ?» ይላታል። እውነቱን ነው፤ ግን እንዲህ ያለ መልስ ለልጅቷ ምን ይፈይዳል? ሦስት ሳምንት ሙሉ ስፖኪዮው ላይ አፍጥጣ፣ ትንፋሿን ይዛ ነዳች። በመጨረሻ ቁርጡን ነገራት።

«ነገ ከገበያ እስከ ቤት ብቻሽን ትነጃታለሽ። አንድ ጭረት ካየሁባት ለሺሺንዳው ሾፌር እሰጣታለሁ።»

ጨክኖ አይደለም። ፈርቶ ነው፤ ለባጃጇም ለልጁም።

በማግሥቱ ወደ ቤታቸው በሚያስገባው ጠባብ መንገድ፣ በይመኙሻል የቀርከሃ አጥርና በቦዩ መሃል፣ ቆሞ ጠበቃት። ሌሊቱን ዘንቦ መሬቱ ጨቅይቷል። አብርሆት ብቅ አለች። ትንፋሿን አልያዘችም፣ ስፖኪዮውም ላይ አላፈጠጠችም፤ እንደውም ታንጎራጉራለች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ትከሻዋን ሰብሰብ አደረገች። ወዲያው ጎማው ጭቃው ላይ ሸተት አለና የግራ ስፖኪዮዋ አጥሩን ፋቀው።

«ወይኔ ክንዴን!» አለች አብርሆት።

ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። የግራ ክርኗን ታሻለች። እጇ አጥሩን አልነካው፣ ቆዳዋም ላይ ምንም የለ። ከዚያ የአባቷ ቃል ትዝ አላትና ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ጫርኳት አባዬ። በቃ፣ ለሰውየው ስጠው።»

እሱ ስፖኪዮውን ዞር ብሎም አላየው። አንጀቱን በላችው።

«የቱ ጋ አመመሽ?»

«እዚህ ጋ» ብላ ክርኗን አሳየችውና ራሷ ደነገጠች። «ውይ፣ ደሞ እኔን ምን ነካኝ?»

ይመኙሻል ከአጥሩ ማዶ ሳቋን ለቀቀችው። «ጋሽ ዘገዬ፣ እስቲ የራስዎን እጅ ይመልከቱ!»

ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ እሱም የግራ ክርኑን ይዞ ያሻል።

ስልኩን አውጥቶ ሺሺንዳ ደወለ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ባጃጇ ሰው አግኝታለች» አለ። ከዚያ ልጁን ትከሻዋን አቀፋት።

«ነይ ግቢ የኔ ልጅ። የወገቤ ቅባት አለች፣ ለሁለታችንም ክርን ትበቃለች።»