ዘለቀን ጥሎት የሄደው ባቡር

ካሰችና ዘለቀ ከቤጂንግ እስከ ፓሪስ በባቡር ሊሄዱ ነው የሚለው ወሬ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ላይ ሲሰማ ያልሳቀ አልነበረም። «አውሮፕላን ጠፋ እንዴ?» ያለ አለ። «ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ስትነዳ ኖረህ መንገድ አልሰለቸህም?» ያለም አለ። ዘለቀ አይቀየምም፤ ፈገግ ብሎ ያልፋል። በወጣትነቱ ድሬዳዋ የባቡር ትኬት ቆራጭ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት በባቡር ሲመላለስ ከአንዱ ፉርጎ ወደ አንዱ እየተላለፈ የሰው ትኬት በሳ እንጂ፣ አንድ ቀን እንኳ ተደላድሎ ተቀምጦ አገር አላየም።

ካሰች ሐሳቡን አልጠላችውም። ጥድፊያው ግን አልገባትም። እሷ ፒኮ ሮበርትሰን አካባቢ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄደች ነው የምትንከባከበው፤ ፈቃድ እንደ ልብ አይገኝም። «ጡረታ ስትወጣ እንሄዳለን» ብትለው፣ «የለም፣ ዘንድሮ ነው» አለ። ዘለቀ በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ድርቅ ብሎ አያውቅም። ስለዚህ እሺ አለች፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 ሰኔ ላይ ሻንጣቸውን ይዘው ተነሡ።

የመጀመሪያው ሳምንት ማር ነበር። ሞንጎሊያን ሲያቋርጡ ዘለቀ እንደ ልጅ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ፣ «ካስዬ፣ ፈረሶቹን እይልኝ፣ ፈረሶቹን» ይላታል። ኢርኩትስክ ሲደርሱ ሁለት ቀን አረፉና ወደ ሞስኮ የሚሄደውን የሩሲያ ባቡር ተሳፈሩ። ነገር የመጣው እዚያ ላይ ነው። ካሰች ጥፍር መቁረጫ ፍለጋ የዘለቀን ቦርሳ ስትበረብር አንዲት ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ አገኘች። ማንበብ አላስፈለጋትም። የምትንከባከባቸው የሚሲስ ሮዝን ዓይነት ጠብታ ነው፤ ጧትና ማታ በገዛ እጇ ዓይናቸው ውስጥ ታደርግላቸዋለች።

«ይሄ የማነው?»

ዘለቀ ከመስኮቱ ዞረና ጠርሙሷን አየ።

«የኔ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከኅዳር። ግላኮማ ነው አሉኝ። በግራ በኩል ብዙም አያሳየኝም። ቀስ እያለ ነው የሚሄደው ብለዋል። ሳይጨልምብኝ ይሄን ካንቺ ጋር ልይ ብዬ ነው።»

«ሰባት ወር? የሰው ዓይን ጠብታ ሳደርግ ውዬ እየገባሁ፣ የገዛ ባሌን ዓይን አላውቅም?»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው፣ ካስዬ።»

ካሰች ከዚያ ወዲያ አፏን አልከፈተችም። በሽታው አስደንግጧታል፤ ያንገበገባት ግን ዝምታው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሳይቤሪያ በመስኮት ሲያልፍ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ዘለቀ ሻይ ያቀርብላታል፣ ብርድ ልብስ ይደርብላታል፣ እሷ ወይ ፍንክች። ጠብታውን ራሱ ሲያደርግ ግማሹ ጉንጩ ላይ ሲፈስ በጎን ታየዋለች፤ ተነሥታ ልታግዘው ይቃጣትና መልሳ ትተኛለች።

በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ባቡሩ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ቆመ። ስሟን ካሰች እስከ ዛሬ መጥራት አልቻለችም። ሴቶች ድንችና የተጠበሰ ዓሣ እየሸጡ መስኮቱን ከበቡት። ካሰች ከቤት የያዘችው ሚጥሚጣ ሞንጎሊያ ላይ አልቆባት፣ ምግቡ ሁሉ አልጫ ሆኖባት እየነካካች ነው የምትተወው። ዘለቀ ይህን ልብ ብሎታል።

«ቃሪያ ቢኖር ልይልሽ» አለና በነጠላ ጫማው ወረደ። እሷ አልመለሰችለትም።

ባቡሩ ድምፅ ሳያሰማ ነው የተንቀሳቀሰው። ካሰች ዘለቀ ኮሪደሩ ላይ ያለ መስሏት ትንሽ ቆየች። ቀና ብላ በመስኮቱ ስታይ ግን ባሏ ከጣቢያው በር ላይ ፌስታል አንጠልጥሎ እየሮጠ ነው። በግራው በኩል የዕቃ ጋሪ ቆሟል። ሌላ ሰው ቢሆን ዞር ይል ነበር፤ ዘለቀ ግን ሰተት ብሎ ሄዶ በጉልበቱ ተጋጨና ወደቀ። ባቡሩም ካሰችን ይዟት አለፈ።

ካሰች እየጮኸች ወደ ፉርጎው አስተናጋጅ ሮጠች። ጋሊና የምትባል፣ ጸጉሯን ቀይ የተቀባች ግዙፍ ሴት ናት፤ እስከዚያ ቀን ሻይ ከማምጣት በቀር ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ካሰች «ማይ ሀዝባንድ» አለች፣ አማርኛውንም ጨመረችበት፣ ሴትየዋ አልገባትም። በመጨረሻ እጇን ይዛ ጎትታ አመጣቻትና አልጋው ሥር ያለውን የዘለቀን ጫማ አሳየቻት። ጋሊና ጫማውን አየች፣ ባዶውን አልጋ አየች፣ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

ካሰች ለልጇ ለቤዚ ደወለች። ቤዚ ሎስ አንጀለስ ነርስ ናት፤ በዚያ ሰዓት ናይት ሺፍት ላይ ነበረች።

«ማሚ፣ ኦኬ፣ አታልቅሺ። እዚህ ሩሲያዊት ነርስ አለች። ስልኩን ለሴትየዋ ስጫት።»

ሩሲያዊቷ ነርስና ጋሊና ረዘም ላለ ጊዜ አወሩ። ጋሊና ወደ ጣቢያው ደወለች፣ እንደገና አወሩ። ከዚያ ቤዚ ተመለሰች።

«ሶ፣ ዳዲ ደህና ነው። ጉልበቱን ትንሽ ተጎድቷል። ጣቢያው ውስጥ ሻይ ሰጥተውት ተቀምጧል። ከሦስት ሰዓት በኋላ በሚመጣው ባቡር ይልኩታል። አንቺ ግን እዚያው ስቴይ አድርጊ ነው የሚሉት፤ ሞስኮ ላይ ትገናኛላችሁ።»

«ሞስኮ መቼ ነው የምንደርሰው?»

«ከነገ ወዲያ።»

«ፓስፖርቱ እኔ ጋ ነው። መድኃኒቱ እኔ ጋ ነው። ጫማውም እኔ ጋ ነው። ቀጥሎ የምንቆምበት ትልቅ ከተማ የት ነው?»

«ኦምስክ። ማሚ፣ ከወረድሽ ትኬቱ ይቃጠላል እኮ።»

«ይቃጠል። እሱንም ኦምስክ እንዲያወርዱት አስነግሪልኝ።»

ኦምስክ እስኪደርሱ አራት ሰዓት ፈጀ። ጋሊና መጀመሪያ ተቆጣች፤ ጣቷን እያወዛወዘች ወደ ሞስኮ አቅጣጫ አመለከተች። ካሰች ሻንጣዎቹን ወደ በሩ መጎተት ስትጀምር ግን ትልቁን ነጥቃ እሷው አወረደችላት። መድረኩ ላይ ላገኘችው ዘበኛ ካሰችን እያሳየች ብዙ ነገር ነገረችው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፣ ሁለቱንም ጉንጮቿን ስማት ወደ ባቡሯ ሮጠች።

ካሰች የማታውቀው ከተማ ውስጥ፣ በሻንጣዎቹ ተከብባ፣ ፀሐይ የማትጠልቅ በምትመስልበት ምሽት፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠበቀች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የምትጸልየው፤ ያን ቀን ግን «ጌታ ሆይ፣ አድርስልኝ» ከማለት በቀር ቃል አልመጣላትም። ቀለል ሲላት አንድ ነገር ትዝ አላትና ብቻዋን ሳቀች። ዘለቀ ትኬት ቆራጭ ሳለ ለዘገየ መንገደኛ ባቡር አያስቆምም ነበር። የእሷ አክስት ሙሉዬ ዘንቢላቸውን እንደተሸከሙ እየጠሩት ጥሏቸው ሄዶ፣ እሷን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ እንኳ «ሰዓት ሰዓት ነው» ብሎ ተከራክሯል። እትዬ ሙሉዬ ይቅር ያሉት ከሠርጉ በኋላ ነው።

የሚቀጥለው ባቡር ገባ። ሰዉ ወርዶ ወርዶ ሲያልቅ፣ ከመጨረሻው ፉርጎ ዘለቀ እያነከሰ ወረደ። በእጁ ያው ፌስታል አለ። ፊት ለፊቱን ብቻ እያየ መጣ፣ መጣ፣ ከተቀመጠችበት አጠገብ ደረሰና አልፏት ሄደ። ካሰች በግራው በኩል ነበረች። ልትጠራው አፏን ከፍታ ተወችው። እጅዋን ብትዘረጋ ትነካው ነበር፤ እሱ ግን አላያትም። የሰባት ወሩ ነገር ያን ጊዜ ነው በልኩ የገባት። ተነሥታ በፍጥነት ዞረችና ፊቱ ቆመች።

«እዚህ ነኝ» አለችው።

«ካስዬ? ለምን ወረድሽ?»

«አንተስ ለምን ቀረህ?»

ዘለቀ ፌስታሉን ዘረጋላት። ውስጡ ትንንሽ ኪያር ነው።

«ከሩቅ ሳየው ቃሪያ መስሎኝ» አለ። «ተሽቀዳድሜ ገዛሁት። ካጠገቤ ሳየው ኪያር ነው። ልመልስ ስል ባቡሩ ሄደ።»

ካሰች ልትስቅ ጀምራ ዕንባዋ ቀደማት። አግዳሚው ላይ አስቀመጠችውና ጎንበስ ብላ ያበጠውን ጉልበቱን ዳሰሰች፣ ጫማውን አደረገችለት። «ተይ፣ ሰው ያያል» ቢላት አልሰማችም። ከዚያ ጠብታውን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ቀና በል።»

ቀና አለ። በአውራ ጣቷ የዓይኑን ቆብ ገለጥ አድርጋ አንድ በቀኙ አንድ በግራው ጣለችለት፤ አንዲት ጠብታ አልባከነችም።

«ሚሲስ ሮዝንን እንዲህ ነው የምታደርጊያቸው?»

«እሳቸው አይደብቁኝም።»

ዘለቀ ዓይኑን እንደጨፈነ እጇን ያዘ። «ሲያመኝ ዝም ማለት የለመድኩት ነው። ዓይንሽ ውስጥ ጭንቀት ማየት ፈርቼ ነው። አጠፋሁ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ዶክተር ጋ ብቻህን አትገባም።»

«እሺ።»

«ታክሲውንም ትመልሳለህ።»

ባዶው ሐዲድ ላይ አንድ ሠራተኛ መብራት ይዞ ሲያልፍ ዘለቀ የእግሩን ድምፅ ተከትሎ ዞረ። «እሱንም እሺ» አለ።

ያንን ምሽት ኦምስክ አደሩ። በማግሥቱ አዲስ ትኬት ይዘው ሲሳፈሩ ካሰች በግራው በኩል ተቀመጠች፤ ከዚያ ጊዜ ወዲህ ቦታዋ እዚያ ሆነ። ኪያሩን በጨው በሉት። በስተግራ የሚያልፈውን መንደርና ወንዝ እሷ እየነገረችው፣ በስተቀኝ ያለውን እሱ እየነገራት ኡራልን ተሻገሩ፤ ሞስኮንና በርሊንን አልፈው በሃያ ሦስተኛው ቀን ፓሪስ ገቡ።

መስከረም ላይ ዘለቀ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የጠፋው ብርሃን አልተመለሰም፤ የቀረው ግን ተረፈለት። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ሁለቱም ይገባሉ። ዶክተሩ ለዘለቀ ሲያስረዳ ካሰች ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጽፋለች፤ ያልገባት ነገር ካለ እስኪገባት ድረስ ትጠይቃለች፣ ዘለቀም «በቃ፣ ሰውዬው ሥራ አለው» እያለ ክርኗን ይነካካታል።